ገበያ እየዋሉ፣ ባጃጅ እየነዱ፣ ቢሮ እየሠሩ እግዚአብሔርን በአፍና በሥራ ማክበር፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

«ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ከሰው ጋር መጨቃጨቅ ነው፤ እንዴት አድርጌ ነው እግዚአብሔርን የማከብረው?» ከሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ በኋላ በር ላይ የሚጠብቀኝ ጥያቄ ይኸው ነው። አሳ ነጋዴዋ ትጠይቀኛለች፣ ባለ ባጃጁ ይጠይቀኛል፣ ፔዳ፣ ማለትም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ የሚማረው ልጅም ይጠይቀኛል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ስለሆነ መልሱን በቅደም ተከተል ጽፌ አስቀምጫለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። እኛ ባሕር ዳር ላይ ስሙን ባለመጥራት አንታማም። ስንገናኝ እንጠራዋለን፣ ስንለያይ እንጠራዋለን፣ ስንሸጥ፣ ስንቆጣ፣ የኔ ቢጤ ስናሰናብት ሁሉ እንጠራዋለን። የጎደለን ስሙ በተጠራበት ቦታ እውነትና መልካም ሥራ አብሮ መገኘቱ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያሠሯችሁ ይህንኑ ነው። «በቃል ቢሆን ወይም በሥራ የምታደርጉትን ሁሉ በጌታ በኢየሱስ ስም አድርጉት» የሚለው ቃል (ቆላስይስ 3፥17) አፍንም እጅንም አንድ ላይ ይይዛል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ስልኩን ስትከፍቱ ሌላ ነገር ይወስዳችኋል፣ ስለዚህ ደብተር ይሻላል።
• መዝሙረ ዳዊት ወይም መጽሐፍ ቅዱስ።
• ነጋዴ ከሆናችሁ የምትሠሩበት ሚዛን ወይም መስፈሪያ፣ እና አንድ ያልተከፈተ ባለ 1 ሊትር የታሸገ ውኃ። የውኃውን ጥቅም ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።
• የነፍስ አባት። ከሌላችሁ በአቅራቢያችሁ ባለው ደብር ሄዳችሁ ያዙ፤ ሌላውን ደረጃ ግን እስከዚያ አታቁሙት።
• አብሯችሁ የሚውል አንድ የምታምኑት ሰው፦ የጎን ባለ መደብ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ወይም የትዳር ጓደኛ።
• ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት አፋችሁን አዳምጡ

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለማረም አትሞክሩ። ማዳመጥና መጻፍ ብቻ ነው። የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንን ወይም የቅዱሳንን ስም ጠርታችሁ ስትምሉ፣ ሰው ስትረግሙ፣ ስትሳደቡ፣ የማትፈጽሙትን ቃል ስትሰጡ፣ ወዲያው አንድ መስመር ጻፉ። መስመሩ አራት ነገር ይያዝ፦ የት፣ ለማን፣ ምን አልኩ፣ እውነት ነበር ወይ።

ለምሳሌ እንዲህ፦ «ማክሰኞ ጠዋት። ቲማቲም ስሸጥ፣ ለአንዲት እናት። ‹ጊዮርጊስን በዚህ ዋጋ አልገዛሁትም!› አልኩ። እውነት አልነበረም።»

ይህ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል? የለመደ አፍ ራሱን አይሰማም። «እኔ እንኳ ብዙ አልምልም» የሚል ሰው ደብተሩን ሲያይ ይደነግጣል። የምታርሙትን ሳታውቁ ማረም ብትጀምሩ ደግሞ ጉልበታችሁ ቀላሉ ላይ ያልቅና ዋናው ሳይነካ ይቀራል።

ማስጠንቀቂያ፦ «ማታ አስታውሼ እጽፈዋለሁ» አትበሉ። ማታ የምታስታውሱት የተጣላችሁበትን ብቻ ነው፤ በጨዋታ መሐል የወጣው መሐላ ይጠፋል።

ደረጃ 2፦ ጠዋት ስልክ ሳትነኩ ለቀኑ አንድ ቦታ ምረጡ

ከአልጋ ስትነሱ አማትባችሁ በስመ አብ በሉ፣ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ። ቀጥሎ ይህን የዳዊት ቃል ጨምሩ፦ «አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር» (መዝሙር 140፥3፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 141፥3)። ከዚያ ከትናንቱ ደብተር አንድ፣ አንድ ብቻ፣ የምትወድቁበትን ቦታ መርጣችሁ በስሙ ለእግዚአብሔር ንገሩት፦ «ዛሬ ከደላላው ጋር ስነጋገር አፌን ጠብቅልኝ»፤ «ዛሬ ልጄን ለትምህርት ቤት ሳስነሳ ከእርግማን ጠብቀኝ።»

«ጌታ ሆይ ጥሩ ሰው አድርገኝ» ብሎ ጸልዮ መውጣት ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ረፋድ ላይ ደላላው ሲመጣ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ አያስታውሳችሁም። ቦታው ተለይቶ የተጸለየበት ነገር ጊዜው ሲደርስ ራሱ ትዝ ይላል።

ደረጃ 3፦ መሐላውን አውጡና በቦታው ማስረጃ አስገቡ

ከሁሉም ብዙ ጊዜ የሚወስደው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አስረዳዋለሁ።

ትእዛዙ ግልጽ ነው፦ «የእግዚአብሔርን የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» (ዘጸአት 20፥7)። ጌታችንም በሰማይም፣ በምድርም፣ በራሳችሁም አትማሉ ካለ በኋላ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ብሎ ይደመድማል (ማቴዎስ 5፥37)። በራስ መማል ለምን እንደተከለከለም እዚያው ተጽፏል፦ ከራሳችን ፀጉር አንዲቱን ነጭ ወይም ጥቁር ማድረግ አንችልም። የእኛ ያልሆነውን ነው መያዣ አድርገን የምናቀርበው። «ልጆቼን!» ስንል የልጆቻችንን ሕይወት ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት እናስይዛለን። «ሥጋ ወደሙን!» ስንል የምናስይዘውን ለማሰብ እንኳ ያስፈራል።

ገበያ ላይ መሐላ የሚመጣው ገዢው ስለማያምነን ነው። ስለዚህ መሐላውን ዝም ብሎ ማቆም ብቻ አይበቃም፤ ገዢው የሚያምንበት ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። እሱም ማስረጃ ነው። አሳ መሸጫ ላይ እንዲህ ይሆናል፦

ገዢ፦ «አምባዛው የዛሬ ነው?»
ሻጭ፦ «የዛሬ ነው እናቴ።»
ገዢ፦ «እስቲ ጊዮርጊስን በይ!»
ሻጭ፦ «አልምልም እናቴ። ይምጡ፣ ራስዎ ይዩት።»

ከዚህ በኋላ ሥራው የእጅ ነው። ከአሳው ጉንጭ ሥር ያለውን ክዳን ገልጣችሁ ውስጡን አሳዩ። የዛሬ አሳ ውስጡ ቀይና እርጥብ ነው፤ የቆየው እየገረጣ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ዓይኑን አሳዩ፦ የጠራና ወጣ ያለ መሆን አለበት፣ የደፈረሰና የጎደጎደ ከሆነ ቆይቷል። ሥጋውን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፦ ትኩሱ ወዲያው ይመለሳል፣ በቆየው ላይ የጣት ምልክት ይቀራል። ሦስቱን ያየ ገዢ ጊዮርጊስን አይጠይቃችሁም። አሳው የትናንት ከሆነ ደግሞ «የትናንት ነው፣ በበረዶ ያደረ ነው፣ ዋጋውን ቀንሼልዎታለሁ» በሉ። የትናንት አሳ መሸጥ ነውር የለውም፤ የትናንቱን በቅዱስ ስም የዛሬ ማድረግ ነው ነውሩ።

ለሌላውም ዕቃ እንደዚሁ ነው። ማር የሚሸጥ ያስቀምስ። ቅቤ የሚሸጥ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሐል ወግቶ ያሽትት። ጤፍ የሚሸጥ ከጆንያው ሥር ዘግኖ ያሳይ። ስልክ የሚጠግን የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በእጅ ያስረክብ።

አንድ ሁልጊዜ የሚያስቸግር ነገር አለ፦ «በስንት ገዛኸው?» የሚለው ጥያቄ። የገዛችሁበትን ዋጋ የመናገር ግዴታ የለባችሁም፤ የመዋሸት ፈቃድ ግን የላችሁም። መልሱ ይህ ነው፦ «የገዛሁበትን ልተወው፤ የምሸጥበት የመጨረሻው ዋጋ ግን ይህ ነው።» ከዚያ በኋላ በእርግጥ የመጨረሻው ይሁን። ገዢው ሦስት እርምጃ ሲርቅ ጠርታችሁ ከቀነሳችሁለት፣ ያለ መሐላም ዋሽታችኋል፤ በሚቀጥለው ቀን «የመጨረሻ» ስትሉ ማንም አይሰማችሁም።

አብሯችሁ ለሚውለው ሰው ደግሞ ይህን አደራ ስጡት፦ መሐላ ባመለጣችሁ ቁጥር በክርስትና ስማችሁ ይጥራችሁ። ሌላ ተግሣጽ አያስፈልግም። ገዢው ሳያውቅ እናንተ ትሰሙታላችሁ።

ማስጠንቀቂያዎች፦
• መሐላን በሌላ መሐላ አትተኩ። «ማርያምን» ትቶ «እናቴ ትሙት» ወይም «ሙት!» ማለት ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ መግባት ነው።
• «በሞቴ ጉረስ» የሚለውም ከፍቅር የመጣ ቢሆን በሞት ማስማል ነው። «እስቲ ስለ እኔ አንዲት ብቻ» ብትሉ እንግዳው ይጎርሳል።
• ፍርድ ቤት ለምስክርነት የሚጠየቅ መሐላ ከገበያ መሐላ የተለየ ጉዳይ ነው። ቀጠሮ ካላችሁ ቀድማችሁ የነፍስ አባታችሁን አማክሩ።

ደረጃ 4፦ ሚዛናችሁን ፈትሹ

አፉ ተጠብቆ ሚዛኑ የሚዋሽ ከሆነ ደረጃ 3 ከንቱ ነው። «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» (ምሳሌ 11፥1)። ብዙ ሰው ሆን ብሎ አያጭበረብርም፤ ሚዛኑ ተበላሽቶ እያለ ስላልፈተሸው ነው። ሳታውቁ የወሰዳችሁትም ግን ከሰው ኪስ የወጣ ነው።

ሀ. ባለ አንድ ሳህን ወይም የሚንጠለጠል ሚዛን ከሆነ፦ መጀመሪያ ሳህኑን እጠቡና አድርቁ፤ የተጋገረ ቆሻሻና የአሳ ልጋግ ክብደት አለው። ባዶውን ስታዩት ዜሮ ላይ መቆም አለበት። ከዚያ ያልተከፈተውን ባለ 1 ሊትር ውኃ አስቀምጡበት። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ በላዩ ላይ የፕላስቲኩ ጥቂት ግራም ይጨመራል። ሚዛኑ ከ1 ኪሎ በጣም አልፎ ካሳየ ገዢውን እየጎዳችሁ ነው። ከ1 ኪሎ በታች ካሳየ ራሳችሁን እየጎዳችሁ ነው። ሁለቱም ይጠገን።

ለ. ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ከሆነ፦ በአንዱ ዕቃ፣ በሌላው የብረቱን መመዘኛ አድርጋችሁ እኩል አቁሙት። አሁን ዕቃውንና ብረቱን ቦታ አለዋውጡ። ትክክለኛ ሚዛን ቢለዋወጥም እኩል ይቆማል። ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ሚዛኑ ተበላሽቷል።

ሐ. በጣሳ ወይም በቁና የምትሰፍሩ ከሆነ፦ ሥሩ ወደ ውስጥ የገባ ወይም ካርቶን የተነጠፈበት መስፈሪያ ጣሉ። ከገበሬው ስትገዙም ለገዢው ስትሸጡም አንድ መስፈሪያ ተጠቀሙ። ኦሪት ዘዳግም 25 ላይ ታላቅና ታናሽ የሆነ ሁለት ዓይነት መስፈሪያ በቤትህ አይኑር የተባለው ለዚህ ነው።

ይህን በየሳምንቱ ቅዳሜ ገበያው ከመድመቁ በፊት አድርጉት። ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ ፈተናው መልስ ላይ ነው፦ ትርፍ የተመለሰላችሁን ብር ባለቤቱ ሳይጠይቅ መልሱ።

ደረጃ 5፦ ጉድለቱን ከክፍያ በፊት ተናገሩ

ዝም ማለትም እንደ ንግግር ይዋሻል። የጀልባ ሥራን ልውሰድ። አንዲት ሴት ከሩቅ አገር መጥታ ጣና ሐይቅ ደሴት ላይ ያለውን ክብራን ገብርኤልን እሳለማለሁ ብላ ባለ ጀልባውን ስታነጋግር፣ ወደዚያ ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ ወደቡ ላይ፣ ገንዘቡ ሳይቆጠር መንገር አለበት። ጀልባው ከደረሰ በኋላ መንገር ስርቆት ነው፤ ደሴቷን ከጀልባ ላይ ሆና ከማየት በቀር ምንም አታገኝም። በእውነት የሚያገለግላት ሰው «እመቤቴ፣ እዚያ ሴቶች አይገቡም፤ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ይገባሉ» ይላታል። ስድስት ቃል ጨምሮ ነው እግዚአብሔርን የሚያከብረው።

ሰው ከልክ በላይ አለመጫን፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን በትክክል ማልበስ፣ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ሲበረታ «ምንም አይል» ብሎ አለመነሳት፣ እነዚህም በዚህ ደረጃ ውስጥ ናቸው። ተሳፋሪው ነፍሱን አምኖ የሰጠው ለነጂው ነው። «ጊዮርጊስ ያደርሰናል» ብሎ በቸልታ መነሳት እምነት ሳይሆን የቅዱሱን ስም ለስንፍና መሸፈኛ ማድረግ ነው።

ቤት አከራዮች ስለ ውኃው፣ ልብስ ሰፊዎች ስለ ቀጠሮው፣ ደላሎች ስለ ካርታው፣ የቢሮ ሠራተኞች ስለ ጎደለው ሰነድ እንዲሁ ያድርጉ። ባለጉዳይን ሦስት ጊዜ ከማመላለስ የሚጎድለውን በሙሉ በመጀመሪያው ቀን ጽፎ መስጠት ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ቀጠሮና ደመወዝ

«እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ማለት ሐዋርያው ያዕቆብ ያስተማረን ነው (ያዕቆብ 4፥15)። ችግሩ እንደማንመጣ እያወቅን ስንለው ነው። ሕጉን እንዲህ ያዙት፦ «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ካላችሁ ሰዓትና ቦታ ጨምሩበት፤ ሰዓትና ቦታ ልትጨምሩበት የማትችሉ ከሆነ «አልችልም፣ ይቅርታ» በሉ። እምቢታን በእግዚአብሔር ላይ አታላክኩ።

የቀን ሠራተኛ ያሠራችሁ ደመወዙን በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትገባ ክፈሉ። ኦሪት (ዘዳግም 24፥15) ምክንያቱን ጭምር ይናገራል፦ ድሃ ነውና፣ ነፍሱም በእርሱ (በደመወዙ) ላይ ናትና ወደ እግዚአብሔር እንዳይጮኽባችሁ። በወር የምትከፍሏት የቤት ሠራተኛ ካለቻችሁ የወሩን ቀን ቁረጡ፤ እሷ እስክትጠይቅ አትጠብቁ። ለቤተ ክርስቲያን አሥራት አውጥቶ የእሷን ደመወዝ የሚያዘገይ ቤት፣ እዚህ ደረጃ ላይ ቆሞ መጀመሪያ እሷን ይክፈል።

ደረጃ 7፦ ሰላምታውንና ምጽዋቱን ከልብ አድርጉት

«እንዴት አደርክ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ይህ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ጸሎት ነው፤ እግር እየተራመደ እንዳይነገር ብቻ አንድ ትንፋሽ ቁሙበት። ቆማችሁ ስትሉት የተጠየቃችሁትን መልሳችሁ መጠየቅም ትዝ ይላችኋል።

ምጽዋት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለለመነን ሰው ሳንሰጥ «እግዜር ይስጥህ» ብለን ስናልፍ፣ ባለን ነገር ላይ እግዚአብሔርን ተተኪ እያደረግነው ነው። ወንድም ወይም እኅት ራቁታቸውን ሆነው ሲራቡ «በደኅና ሂዱ፣ ጥገቡም» ማለት ምን ይጠቅማል ተብሎ ተጽፏል (ያዕቆብ 2፥15-16)። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ጠዋት ከቤት ስትወጡ ለቀኑ የምትሰጡትን ዝርዝር ብር በተለየ ኪስ ያዙ። እስኪያልቅ ስጡ። ሲያልቅ ዓይኑን አይታችሁ «ዛሬ የለኝም አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» በሉ። የተለየው ኪስ የሚያስፈልገው ብር ፍለጋ ቦርሳ መክፈት ብዙ ሰው እንዳይሰጥ ስለሚያደርገው ነው።

ደረጃ 8፦ ቁጣ ሲመጣ

ጊዮርጊስ በር ላይ ሲደርስ መሪውን በአንድ እጅ ይዞ የሚያማትብ ባለ ባጃጅ ብዙ ነው፤ ደስ ይላል። አደባባዩ ላይ ሌላ ባጃጅ ሲቀድመው ግን ከዚያው አፍ ሌላ ነገር ይወጣል። ያዕቆብ በምላስ አብን እንባርካለን፣ በእርሷም በእግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠሩትን ሰዎች እንረግማለን ካለ በኋላ «ከአንድ አፍ በረከትና መርገም ይወጣሉ» ይላል፤ እንዲህ ሊሆን አይገባም ብሎም ይገሥጻል (ያዕቆብ 3፥9-10)። ክርክሩን ልብ በሉት፦ ሰደብነው የምንለው ሰው የእግዚአብሔርን ምሳሌ ተሸክሟል።

ቁጣ ሲነሳ የምታደርጉት፦
1. ከንፈራችሁን ግጠሙ። የመጀመሪያው ቃል ካልወጣ ሁለተኛው አይከተልም።
2. በልባችሁ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» በሉ። ይህን እስክትጨርሱ ሞቅታው በረድ ይላል።
3. ስትናገሩ ስለተሠራው ሥራ ተናገሩ እንጂ ስለ ሰውዬው አትናገሩ። «አንተ ደንቆሮ» ሳይሆን «ያለ ምልክት ዞርክብኝ፣ ልጅ ጭኛለሁ።»
4. ድምፃችሁን ከእሱ ዝቅ አድርጉ።
5. ከወጣባችሁ፣ በዚያው ቀን ይቅርታ ጠይቁ። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» (ኤፌሶን 4፥26)።

ልጆች ላይ ከሁሉ የበለጠ ተጠንቀቁ። «መብረቅ ይምታህ»፣ «ርጉም» እየተባለ ያደገ ልጅ ቃሉን ያምናል። ቀኑን አንድ ጊዜ፣ ምንም ሳያደርግላችሁ፣ «ተባረክ፣ እደግ ተመንደግ» በሉት። ሲያጠፋ ቅጡት፤ እርግማኑን ግን ከቅጣቱ ለዩት። እናቶች ይህን ነጥብ ሲሰሙ «እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው እኛ ጋ መቆም ያለበት።

ደረጃ 9፦ ስልክ

ሦስት ነገር ብቻ። «ይህን ምስል ለአሥር ሰው ካላስተላለፍክ መቅሠፍት ይደርስብሃል» የሚል መልእክት በእመቤታችን ወይም በመላእክት ስም ከመጣ አታስተላልፉ፤ ሰውን በቅዱሳን ስም ማስፈራራት ነው፣ ሰንሰለቱ እናንተ ጋ ይቁም። የሰው የግል መልእክት ፎቶ አንስታችሁ ለሌላ አትላኩ። ስለ ሰው ስም የሚያጠፋ ወሬ ስትቀበሉ፣ ሰውዬው አጠገባችሁ ተቀምጦ ቢሆን ጮክ ብላችሁ ታነቡት እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ካልሆነ አጥፉት።

ደረጃ 10፦ የተረሳ ስለት

ደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ እስከ ዛሬ ተስላችሁ ያላገባችሁትን ሁሉ ጻፉ፦ ጧፍ፣ ዣንጥላ፣ ዝክር፣ ዘጌ ወይም ደብረ ማርያም በጀልባ ሄዶ መሳለም። ለእግዚአብሔር የተገባ ቃል ከሰው ቀጠሮ አያንስም፤ መጽሐፈ መክብብ ተስለህ ከማትፈጽም ባትሳል ይሻላል ይላል (መክብብ 5፥5)። አቅም የሚፈቅደውን ቀን ቆርጣችሁ አግቡ። አቅም የማይፈቅደውን ለነፍስ አባታችሁ ንገሩ እንጂ ዝም ብላችሁ አትሰርዙት። አዲስ ስለት ከመሳላችሁ በፊት አሮጌው ይለቅ።

ደረጃ 11፦ ማታ

ደብተሩን አንብቡ። ለወጣው መልካም ነገር አመስግኑ፤ ይህን አትዝለሉት፣ ስህተት ብቻ የሚያነብ ሰው ቶሎ ይሰለቻል። የበደላችሁት ሰው ካለ ለነገ ጠዋት ስሙን ጻፉ። የሚደጋገመውን ኃጢአት ለይታችሁ ለንስሐ ያዙት፤ የነፍስ አባት «ምን ሠራህ?» ሲል «ያው እንደ ሰው ነው አባ» ከማለት ያድናችኋል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

• ሌላውን ማረም። መሐላ በተዉ በሦስተኛው ቀን የጎረቤቱን አፍ የሚቆጣጠሩ አሉ። ደብተሩ የእናንተን ቃል ብቻ ይያዝ። በተለይ አረጋዊት እናት «ማርያምን» ስትል በሰው ፊት አትገሥጿት፤ እናትን ማክበርም ትእዛዝ ነው።

• ጾሙን ሆድ ላይ ብቻ ማቆም። ረቡዕና ዓርብ ከሥጋና ከወተት የተከለከለ አፍ ከሐሜትም ይከልከል። በጾም ቀን ደረጃ 1ን መድገም ጥሩ ልምድ ነው።

• ሥራን እየበደሉ መጸለይ። ባለጉዳይ ተሰልፎ እያለ ቢሮ ዘግቶ ዳዊት መድገም ትክክል አይደለም። ጸሎቱን ከሥራ ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ በሥራ ሰዓት ባለጉዳዩን አገልግሉ።

• ሁሉንም ደረጃ በአንድ ቀን መጀመር። በሳምንት አንድ ደረጃ ጨምሩ። ደረጃ 3 ብቻውን ወር ቢወስድ አይግረማችሁ፤ እሱ ሳይጠነክር ወደ ሌላው መሮጥ አያስፈልግም።

• ለእምነት ጓደኛ ብቻ መጠንቀቅ። ሚዛኑ ለማኅበርተኛችሁ የቀና፣ ለሙስሊሙ ጎረቤት ወይም ለእንግዳው የጎደለ ከሆነ ደረጃ 4ን አላደረጋችሁትም። እንግዳውን ሁለት እጥፍ ማስከፈል የተለመደ ስለሆነ ብዙዎች ኃጢአት መሆኑንም ረስተውታል።

• «ካልማልኩ ገበያ አላገኝም» ብሎ መተው። መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ገዢ እውነትም ወደ ጎን መደብ ይሄዳል። እዚያ ምሎለት የተሸጠለትን ቤቱ ገብቶ ሲያየው ግን ተመልሶ የሚመጣው ማስረጃውን ወዳሳየው ሰው ነው። እስኪመጣ ድረስ አሳውን በበረዶ ያዙ፣ ሚዛኑን አጽዱ፣ ዋጋውን በካርቶን ጽፋችሁ ሰው እንዲያየው ስቀሉ። ዋጋው የተጻፈበት መደብ ላይ ክርክሩ ራሱ ይቀንሳል፤ ክርክር ሲቀንስ የመሐላው አጋጣሚም ይቀንሳል።